«የወሊድ ቅሌት» ብለው ለጻፉት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የከብት ዝርያ ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊና
የኮርማ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዳሌዎ ሁሉ ደኅና ነው? ከወንበርዎ ሲነሡ ማንም ሳይደግፍዎ በሁለት እግርዎ ቀጥ ብለው ይቆማሉ? እንዲህ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የምጠይቅዎ ለማሽቃበጥ አይደለም፤ ተነሥቶ መቆም ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ በዚህ ሳምንት በእህቴ በረት ውስጥ በዓይኔ ስላየሁ፣ ለሰው ሁሉ፣ በተለይም ለእርስዎ፣ አብዝቼ እየተመኘሁ ስለሆነ ነው። ቆመው የሚያረጁ ያድርግዎ።

እኔ፣ እርስዎ ባያውቁኝም ባለቤትዎ ደኅና አድርገው እንደሚያውቁኝ፣ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አማትና ምራት፣ ስለ ሠርግና ስለ ጎረቤት ኩርፊያ የምጽፍ ሰው ነኝ። ስለ ኮርማ ጽፌ አላውቅም። ነገሩን ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ለካ ኮርማ መምረጥም ያው ሙሽራ እንደ መምረጥ ኖሯል፤ ቁመናውን ያየ ሁሉ «ይበል!» ብሎ ያጨበጭባል፣ ልጅቷ በምጥ ስትያዝ ግን ካጨበጨቡት አንዱም አጠገቧ አይገኝም።

ጉዳዬ አጭር ነው። እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ የሥጋ ከብት ታረባለች። ቦራና ዳለቻ የሚባሉ ሁለት ጊደሮች ነበሯት፤ አንዷ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ሌላዋ አመድማ። ሁለቱንም ከጥጃነታቸው ጀምሮ በእጇ ነው ያሳደገቻቸው። ባሏ «ከእኔ ይልቅ የምታወራው ከእነሱ ጋር ነው» እያለ በየሄደበት ያማታል፤ እውነቱን ለመናገር አይፈረድባትም፣ እነሱ ቢያንስ ሲያናግሯቸው ጆሯቸውን ያቆማሉ። ሁለቱም ጽሕፈት ቤትዎ ካቀረበው ዘር፣ ሠራተኞችዎ «ተራራው» እያሉ ከሚጠሩት ኮርማ ተዳቀሉ። ቦራ ከአምስት ቀን በፊት ወልዳ ሞተች። ዳለቻ ልትወልድ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷታል። ይህ ደብዳቤ ስለነዚህ አሥራ ሁለት ቀናት ነው፤ የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

ምስጋናውንም በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር አይሰማም ብለውኛል።

አንደኛ። ምርጫ ከሚባል ራስ ምታት ስለገላገሉን እናመሰግናለን። የዛሬ አሥር ወር ገደማ የጽሕፈት ቤትዎ አዳቃይ በሞተር ብስክሌት ወደ እትዬ በረት መጣ። ይህ ሰው ከኋላው አስሮ የሚዞረውን፣ የቀዘቀዘ ዘር የሚቀመጥበትን ጋን መሳይ ዕቃ ሲከፍት ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ስለሚል አገር ምድሩ «ጋሽ ጭሱ» ይለዋል። ስሙን ራሱም የረሳው ይመስለኛል። እትዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ «ጋሽ ጭሱ፣ እነዚህ እኮ ገና የመጀመሪያቸው ነው፤ ለስለስ ያለ ነገር የለህም?» ብላ ጠየቀችው። እሱም፣ «እህት ዓለም፣ እኔ ባለ ሱቅ መሰልኩሽ እንዴ? ያለኝ ተራራው ነው፤ እሱን ካልወደድሽው ደግሞ ተራራው አለ» አላት። ሣቁ፤ ጊደሮቹም ተዳቀሉ። ዳለቻ በመጀመሪያው ሳትይዝ ቀርታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ተዳቀለች። ያን ጊዜ እትዬ «ይቺ ዕድለ ቢስ!» ብላ ነበር። ዛሬ ዳለቻ በሕይወት ያለችው በዚያች ዕድለ ቢስነቷ ነው።

እህቴ ያላደረገችው ነገር ነበር ብለው እንዳይጠረጥሩ ደግሞ ይህን ልጨምር። ጊደሮቹ የትልቅ ላም ክብደት ሁለት ሦስተኛውን ያህል እስኪደርሱ ጠብቃለች። ጎረቤት «ለምን አታደልቢያቸውም» እያለ ሲነዘንዛት፣ ስብ የያዘች ጊደር ስትወልድ እንደምትቸገር ስለምታውቅ መኗቸውን መጥናለች። የእናትየው ወገን የሚጠበቅበትን ሁሉ አድርጓል። የቀረው የአባትየው ድርሻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እርስዎ በአደራ ይዘውታል።

ሁለተኛ። ሐኪማችንን በእውቀት ስላነጹልን እናመሰግናለን። ቦራ ከመውለጃ ቀኗ አራት ቀን አሳልፋ፣ ሐሙስ ጠዋት ከመንጋው ተለይታ ከአጥሩ ሥር ቆመች። እትዬ ገባት፤ ሄዳ አጠገቧ ቆመች። ረፋዱ ላይ እንሽርቱ ፈሰሰ። ቀጥሎ የፊት ሰኮናዎቹ ብቅ አሉ። እትዬ ሰኮናዎቹን አየችና፣ «ይሄ እኮ ጥጃ አይደለም፣ ወይፈን ነው» አለች። ባሏ ለእንስሳት ሐኪሙ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ደገመ፤ ዝግ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ ቆጥሬያለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልኩም ነበር።

ከአጥሩ ማዶ ያለው አናጢ ጩኸታችንን ሰምቶ ለስላሳ ገመድ ይዞ መጣ። ቦራ ስታምጥ መሳብ፣ ስታርፍ ማረፍ፤ እትዬ እንዲያ እያለች ታዝዛቸው ነበር። ጭንቅላቱ ወጣ። ትከሻው በስንት መከራ ወጣ። ዳሌው ላይ ሲደርስ ተቀረቀረ። አናጢው ላቡ ባፍንጫው እየተንጠባጠበ፣ «የበሩን ስፋት ሳይለካ ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጢ ቢኖር እጁን ነበር የምቆርጠው» አለ። ማንም አልሣቀም፤ እሱም ለማሣቅ አላለውም። ወደ እኩለ ቀን ጥጃው ወጣ። በሕይወት ነበር። እትዬ አፍንጫውን ጠራርጋ፣ በገለባ አሽታ አስተነፈሰችው።

ቦራ ግን አልተነሣችም። ሁለት ጊዜ በፊት እግሮቿ ሞከረች፤ የኋላዎቹ አልታዘዟትም። ከዚያም ድዷ እየነጣ ሄደ። የእህቴ ባል፣ ያ ቀልደኛ፣ ያ በለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የሚያስቅ ሰው፣ ራሷን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ «ተነሽ እንጂ፤ ልጅሽን አላየሽውም እኮ፤ ተነሽና እይው» እያለ ሲለምናት ሰማሁት። እሱን እንዲህ ሲናገር ስሰማ በሃያ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ሐኪሙ የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አንገቱ ላይ «ተሳታፊ» የሚል ባጅ ተንጠልጥሏል፣ በእጁ የስብሰባ ቦርሳ ይዟል። መርምሯት ቀና አለና፣ «ውስጧ ተቀዷል። ጠዋት ደርሼ ቢሆን ሆዷን ከፍቼ አዋልዳት ነበር» አለ። እትዬ፣ «የት ነበርክ ልጄ?» ብላ ጠየቀችው፤ ቁጣም አልነበረባት። እሱም መሬት መሬት እያየ፣ ክቡርነትዎ በጠሩት የግማሽ ቀን ጉባኤ ላይ፣ ስልካቸው በር ላይ በቅርጫት ተሰብስቦ፣ «የተሻሻለ ዝርያ ያስገኘው ስኬት» በሚል ርእስ ሲያጨበጭብ መዋሉን ነገራት። ስለዚህ ቦራ የሞተችው ስለ ስኬቷ ሪፖርት በሚቀርብበት ሰዓት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክብር ለስንት ጊደር ይደርሳል?

በማግሥቱ ጥጃውን ሁለት ሰው ተሸክሞ ወፍጮ ቤት ወስዶ መዘነው። ሃምሳ ሁለት ኪሎ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ከበው አዩት። አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ይኼን ነው ያቺ ልጅ የወለደችው?» ብለው ጠየቁ። አዎን እማማ፣ ይኼን ነው።

ሦስተኛ። ስለ ቋንቋችን እድገት ያደረጉትን አስተዋጽኦ ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሰኞ ዕለት ቢሮዎ መጥቼ ነበር፤ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። በኮሪደሩ ላይ ያለችውን፣ አንድ እግሯ ተሰብሮ በታጠፈ የአቤቱታ ፋይል የተደገፈችውን አግዳሚ ወንበር አገኘሁና ቁጭ አልኩ። ከፊቴ የተራራው ፎቶግራፍ ከመሬት እስከ ጣሪያ ተለጥፏል። ምን ልበልዎ፣ እውነት ለመናገር ግርማ ሞገሱ ያስፈራል፤ አንገቱ የሌላ ኮርማ ወገብ ያህላል። ከሥሩ በቀይ ቀለም «ልጆቹ ሲወለዱ በአማካይ 47 ኪሎ!» የሚል ከነቃለ አጋኖው ተጽፏል። በረኛዎ ፈዝዤ ማየቴን አይቶ፣ «ቀላል ኮርማ እንዳይመስልሽ! ከባድ ነው!» አለኝ። እንግዲህ በቋንቋችን ሰውን ስናደንቅ «ቀላል ሰው አይደለም» እንላለን፤ ከባድ ሚኒስትር፣ ከባድ ዘፋኝ፣ ከባድ ሙሽራ እንላለን። ምጥ የያዛት ግን፣ ሰውም ትሁን ከብት፣ በዚያች ሰዓት ከዓለም ቃላት ሁሉ የምትመርጠው «ቀላል» የሚለውን ነው።

በዚያው ግድግዳ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የኮርማ መራጭ ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ አነበብኩ። ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ ዓይኔ ነው ያበላሸው ብዬ መነጽሬን ሁሉ ጠርጌያለሁ። ቃሉ እነሆ፦ «ኮርማ ቁጥር ሁለት በወሊድ ቅሌት ረገድ ከአሥር ዘጠኝ ያገኘና ለጽሕፈት ቤታችን ክብር የማይመጥን ሆኖ ስለተገኘ ከአገልግሎት እንዲገለል፤ ኮርማ ቁጥር ሰባት ግን የወሊድ ቅሌቱ ከአሥር ሁለት ብቻ በመሆኑና ጨዋነቱ ስለተመሰከረለት ብቸኛው የዘር ምንጭ ሆኖ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ክቡር ሆይ፣ ቁጥር ሰባት ተራራው ነው።

ሐኪሙ ከራሱ ጠረጴዛ መሳቢያ ዋናውን የኮርማዎች ዝርዝር አውጥቶ አሳየኝ። እዚያ ላይ የተጻፈው «የወሊድ ቅለት» ነው። ቅለት! ከአሥር አሥር ያገኘ ኮርማ ጥጃዎቹ ያለ ገመድ፣ ያለ ጩኸት ይወለዳሉ ማለት ነው፤ ከአሥር ሁለት ያገኘ ግን ከጊደር ዘንድ ድርሽ አይበል ማለት ነው። አንዲት «ለ» ከዚያ ዝርዝር ወደ እናንተ ቃለ ጉባኤ ስትሻገር በቀኝ እግሯ ቀለበት አጥልቃ «ሌ» ሆነች፤ ሰባት የኮሚቴ አባላት ክብ ሠርተው ተቀመጡና ቅሌት ያነሰውን ፈልገው በሙሉ ድምፅ መረጡ። ከሰባቱ አንዱ እንኳ «ለመሆኑ ኮርማ በወሊድ ጊዜ ምን ዓይነት ቅሌት ነው የሚፈጽመው? ሰክሮ ይመጣል ወይስ አማቱን ይሳደባል?» ብሎ አልጠየቀም።

የቢሮዎን ጸሐፊ እንዳይቆጧት ግን አደራ። የእጅ ጽሑፉ እንዲተየብ ሲደርሳት፣ «ጋሼ፣ ላም ስትወልድ ምን ቅሌት አለው?» ብላ ጠይቃለች አሉ። የተሰጣት መልስ «አንቺ ምቺው እንጂ አትመርምሪው» የሚል ነበር። የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሐሜተኛ ብባልም ገደብ አለኝ። በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ መሆኑንና በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ በአረንጓዴ ቀለም የሚጽፉት አንድ ሰው ብቻ መሆናቸውን የነገሩኝም ሳልጠይቃቸው ነው።

ያ ባለ ዘጠኝ ቅሌቱ ቁጥር ሁለትስ? ሠራተኞችዎ «ጭምቱ» ይሉታል። ፎቶግራፉ የትም አልተለጠፈም። ጠባብ ትከሻ፣ ረዘም ያለ ወገብ፣ ዝም ያለ ፊት። ልጆቹ ሲወለዱ በአማካይ ሠላሳ አንድ ኪሎ ናቸው፤ ጡት በሚጥሉበት ጊዜ ግን ከተራራው ልጆች እምብዛም እንደማያንሱ በዚያው ዝርዝር፣ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ተጽፏል። ዘሩ አሁን በማቀዝቀዣ ክፍልዎ ታችኛው መደርደሪያ «አይነካ» ተብሎበት ተቀምጧል። ቅለትን ያህል ነገር አስሮ ቅሌትን መፍታት! በሬን ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እያልን ስንተርት ኖረናል፤ በሬው ግን ቢሳሳት ገደል የሚገባው ራሱ ነው።

አራተኛ። ስለ ፈጣን ምላሽዎ። ጋሽ ጭሱ፣ እግዜር ይስጠውና፣ የሚያየውን በደብተሩ የሚጽፍ ሰው ነው። ከተራራው ያረገዙ ሃያ ሰባት ጊደሮችን መዝግቧል። እስካሁን የወለዱት ስድስት ናቸው። ሁለቱ ሞተዋል፤ አንዷ እስካሁን ትሳባለች እንጂ አትቆምም፤ ሦስቱ በገመድ ተገላገሉ። ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሊዶች ጊዜ «ጥጃዎቹ ከባድ ናቸው» ብሎ ለጽሕፈት ቤትዎ ጽፎ ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ መልስ መጣለት፤ ማኅተም ያለው፣ «የከባድ ጥጃዎች መወለድ የመርሐ ግብራችንን ስኬት ስለሚያሳይ ምስጋናችን ይድረስዎ» የሚል። ጋሽ ጭሱ ወረቀቱን ለእትዬ አሳያትና፣ «እኔ ድረሱልኝ ስል እነሱ አጨበጨቡልኝ» አላት። አሁን በየበረቱ ሲያልፍ ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ ነው የሚያልፈው፤ ሰው እንዳያየው።

ልብ ይበሉልኝ፣ ተራራውን የሚጠላ በቤታችን የለም። ሐኪሙም ቢሆን፣ «ኮርማው ምን አጠፋ? አራት አምስት ጊዜ ወልዳ በሩ ለተከፈተላት ትልቅ ላም ስጡት፣ ያኮራችኋል» ነው የሚለው። ክብደቱን ብቻ አይታችሁ ፍረዱም አላለም፤ ቀለል ያለ ጥጃ ሆኖ ትከሻው የሚቀረቀር አለ፣ ከመጠን በላይ አንሶ የሚወለድና ቆሞ መጥባት የሚያቅተውም አለ። የወሊድ ቅለት የሚባለው ቁጥር ክብደቱንም፣ ቅርጹንም፣ በማኅፀን የሚቆይበትን ቀንም አንድ ላይ ይዞ የሚናገር ነው። ለጊደር መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ሥጋው ታወራላችሁ ነው ነገሩ። ይህን ለመረዳት እኔን ያህል ስለ አማት የሚጽፍ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው።

ወደ አሥራ ሁለቱ ቀናት ልመለስ። ዳለቻ አሁን ከበረቱ በር ራቅ ብላ፣ ቦራ የወደቀችበትን ቦታ ዞራ ነው የምታልፈው። ሆዷ ወደ ጎን ተወጥሯል። እትዬ ጠዋትና ማታ እጇን ጎኗ ላይ አድርጋ ትቆምና ፊቷ ይለዋወጣል፤ ጥጃው ሲራገጥ ደስ የሚላት ሴት ነበረች፣ አሁን በተራገጠ ቁጥር ትደነግጣለች። «እያደገ ነው» ትላለች፤ እንደ ምሥራች ሳይሆን እንደ መርዶ። የተራራው ልጆች ደግሞ ቀናቸውን አሳልፈው እንደሚወለዱ፣ ባሳለፉት በእያንዳንዱ ቀንም ግማሽ ኪሎ ገደማ እንደሚጨምሩ ሐኪሙ ነግሮናል። ስለዚህ እኛ ቤት ቀን የሚቆጠረው በኪሎ ነው።

ከክቡርነትዎ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። ሃያ አንዱ ጊደሮች ገና አልወለዱም፤ ባለቤቶቻቸው ከማን እንዳረገዙና ምን እንደሚጠብቃቸው ቤት ለቤት ይነገራቸው። የማዋለጃ መሣሪያውና ለሃያ አንዱም ሆድ ለመክፈት የሚበቃው ማደንዘዣ መጋዘንዎ ውስጥ በእርስዎ ፊርማ ተቆልፏል፤ በዚያው በአረንጓዴው ብዕር አንዴ ቢጫኑት ይከፈታል። ሦስተኛውና ነፍስ የሚያድነው፦ ከዛሬ አሥራ አንድ ቀን በኋላ የሚጀመረውን የሦስት ቀን ጉባኤ ባነር በርዎ ላይ አይቻለሁ። ሐኪሙ ስሙ በግዴታ ተሳታፊዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ቢቀር የዲሲፕሊን ክስ እንደሚጠብቀው ተጽፎለታል። እኛ ዳለቻን በሌላ ቀን ውለጂ ብለን መክረናት ነበር፤ ቃል አልገባችልንም። እባክዎ ሐኪሙን ይተዉልን። የሚያጨበጭብ ሰው ከጎደለዎ የእህቴ ባል በእሱ ፈንታ ይመጣል፤ እጆቹ ትልልቅ ናቸው፣ ለሦስት ቀን ሳያቋርጥ ያጨበጭብልዎታል፤ እኔም እከተለዋለሁ።

ለእነዚህ ሁሉ ውለታዎች ወሮታ መክፈል የማይቻለን፣ የጽሕፈት ቤትዎን ደጅ ስንረግጥ እግራችንን የምንጠርግ፣ ስምዎ በተጠራበት ሁሉ ከመቀመጫችን የምንነሣ (መነሣት ለቻልን) ትሑታን ወዳጆችዎ ስለሆንን፣ ዕድሜና ጤና፣ ጥሩ እንቅልፍ፣ ፊደል የሚለይ መነጽር፣ በየሄዱበትም ሁሉ ሰፊ በር እንዲገጥምዎ ከልብ እየተመኘሁ ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ዘጋሁ።

ስለ ታላቅ እህቷና ስለ ሃያ አንዱ ጊደሮች ባለቤቶች፣
የዚህ ገጽ ጸሐፊ

ማስታወሻ። ይህ ደብዳቤ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል የጽሕፈት ቤትዎ መኪና እትዬ ግቢ ደረሰች። የእህቴ ባል ሐኪሙ መሣሪያ ይዞ መጣ ብሎ በባዶ እግሩ ሮጦ በሩን ከፈተ። የወረደው የሕዝብ ግንኙነት ፎቶ አንሺዎ ነበር። ሃምሳ ሁለት ኪሎ ሆኖ የተወለደውን ጥጃ ለዓመታዊ መጽሔታችሁ ሽፋን ሊያነሣው እንደመጣ ገለጸ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው። ጥጃውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ግራ ቀኝ አስተካከለና፣ «እናቲቱንም አጠገቡ ብታቆሙልኝ ፎቶው ነፍስ ይኖረዋል» አለ። እትዬ በጓሮ በኩል አዲስ የተቆፈረውን አፈር በጣቷ አሳየችው። ሰውየው ካሜራውን ዝቅ አደረገ፣ ደነገጠ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ሊወጣ ሲል ዳለቻን አያትና፣ «ይቺስ ከማን ናት?» አለ። «ከተራራው» አልነው። «መቼ ነው የምትወልደው?» አለ። «ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል» አልነው። ቀኑን በማስታወሻው ጻፈና በዚያን ዕለት ከማለዳው ጀምሮ ከነመኪናው እንደሚገኝልን ቃል ገባ። መኪናዋን ዞሬ አየኋት፤ ከሾፌሩና ከእሱ ሌላ ከኋላ ሦስት ሰው ታስቀምጣለች። ክቡር ሆይ፣ ከሦስቱ ባዶ ወንበሮች በአንዱ ላይ ሐኪሙን ያስቀምጡልን።